በታየች ወንበር

ጎንደር፣ ሚያዝያ 28

ውድ ኢንግሪድ፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። የመጀመሪያው በየካቲት፣ ሁለተኛው በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ሦስተኛው የፋሲካ ሰሞን። በሦስቱም የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፦ «በሰውአገኝ ሰርግ ላይ ምን አጠፋሁ?» እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽ መልሱን ስለማውቀው ነው።

ይህችን ያህል ስጽፍ ሁለት ጊዜ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። አንዴ በሩ መዘጋቱን ለማየት፣ አንዴ ደግሞ ለምን እንደሆነ ራሴም አላውቅም። እሑድ ቅዳሴ ላይ መቆም አቅቶኝ ወንጌል ሳይነበብ ወጣሁና እስከ ፒያሳ ወርጄ፣ ምንም ሳልገዛ፣ ማንንም ሳላነጋግር ተመለስኩ። ግቢዬን ወዲያ ወዲህ ስመላለስበት ያየችኝ ጎረቤቴ ሰርካለም «እትዬ የትነበርሽ፣ ምነው ግቢውን እንዲህ ይለኩታል? ሊሸጡት ነው?» ብላ ቀለደችብኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ልጆችን «አትቁነጥነጡ» ስል የኖርኩ መምህርት፣ በሰባ ስድስት ዓመቴ መቀመጥ አቃተኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የምታውቂውንም ጭምር እጽፋለሁ፤ የምታውቂውን አብዛኛውን ያወቅሽው በእኔ በኩል ነውና።

የእህቴን ልጅ ታየችን በቃሬዛ ተሸክመው አዋላጅ ነርስ ሆነሽ ትሠሪበት ወደነበረው ጤና ጣቢያ ያመጧት ቀን ምጡ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። እሷን ማትረፍ አልተቻለም። ልጁን ግን አንቺ በእጅሽ ተቀበልሽው፣ ትንፋሽሽን ሰጠሽው፣ አለቀሰ። አባቱ ቢያዝን ስሙን ሰውአገኝ አለው። ሰባት ዓመት ሲሞላው ለትምህርት ብሎ ከዳባት ወደ እኔ አመጣው፤ እኔ አሳደግሁት። አንቺም ሥራሽን ጨርሰሽ አገርሽ ከገባሽ በኋላ በየሁለት ዓመቱ እየመጣሽ እኔ ቤት ታርፊ ነበር። እኔን «እትዬ»፣ አንቺን «ሲስተር» እያለ አደገ። እናቱ ነኝ ብላ አፏን ሞልታ የተናገረች ከሁለታችን አንዲትም የለች። በልባችን ግን እያንዳንዳችን እኔ ነኝ እንል ነበር። ቢያንስ እኔ እል ነበር።

አሁን ስለ ጉልበት ልንገርሽ።

በመጣሽ በመጀመሪያው ዓመት፣ አማርኛ ሳስተምርሽ፣ ሚስቱን ያዋለድሽለት አንድ ገበሬ ሊያመሰግንሽ መጥቶ ጉልበትሽ ላይ ጎንበስ አለ። አንቺ ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ አሳምሽው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አፈርኩ። ሰውየው እንደወጣ ተቆጣሁሽ። ጉልበት ሊስም የመጣን ሰው ከንፈሩ ሳይደርስ ትከሻውን ይዘሽ ታነሺዋለሽ፣ «ኧረ አይገባም» ትያለሽ፣ አደላድሎ የሚያስም ኩራተኛ ብቻ ነው አልኩሽ። ነግሬሽም አልተውኩም። ራሴ እየጎነበስኩልሽ አምስት ጊዜ አለማመድኩሽ። በአምስተኛው በጣም ፈጥነሽ ስትነሺ ጉልበትሽ አገጬን መታውና ምላሴን ነከስኩ፤ ያን ቀን አፌ አብጦ ዋለ፣ አንቺም ሳቅሽን መያዝ አቃተሽ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማንም ከንፈር ጉልበትሽ ላይ ደርሶ አያውቅም። እኮራብሽ ነበር። «የእኔ ፈረንጅ ከጨዋ ልጅ አታንስም» እል ነበር።

ያስተማርኩሽ ደንብ ግን ጎዶሎ ነበር። ሙሽራ አይነሳም። ሙሽሮች ጉልበት ሲስሙ ወላጅ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። ከንፈራቸው ከነካው በኋላ ነው እጁን ራሳቸው ላይ ጭኖ የሚመርቃቸው። በዚያች ቀን ጉልበቱን ያሸሸ ወላጅ ምርቃቱን ነፍጓል ማለት ነው፤ ለምራት ሲሆን ደግሞ «ከቤቴ አትግቢ» እንደ ማለት ነው። አንቺም ሰርግ ብዙ አይተሻል፣ ነገር ግን ሁልጊዜ ከእድምተኛው መሃል፣ ከኋላ ሆነሽ። ከኋላ የሚታየው የሙሽሮቹ ጀርባ ነው፤ የወላጁን እጅ ማንም አያይም። እኔም ይህን የሚያህል ነገር ለሰው መንገር ያስፈልጋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በየካቲት ጽፌልሽ ነበር።

ሚስጥርን አልወደድኳትም ነበር። ስሟን በስልክ የነገርኩሽ ቀን «ልጅቷ እንዴት ናት?» ስትይኝ «ሸጋ ናት» አልኩሽ። መልኳም ጠባይዋም ሸጋ ነው፤ አልዋሸሁም። ግን ፈት ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ተድራ፣ ሁለት ዓመት ኖራ፣ ፈታ አዲ አርቃይ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሰውአገኝ ደባርቅ እንጨት ሥራ ሲያስተምር እሷ እዚያው ከተማ የውሃ ቢሮ ተቀጥራ አገኛት። እኔ ለዚያ ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ተክሊል አስቤለት ነበር። ካባ ደርቦ፣ አክሊል ደፍቶ፣ ከመቅደሱ ፊት ሲቆም ሳላይ አልሞትም ብዬ ነበር። ፈት ሲያገባ ያ ቀረ፤ በሰማንያ ይሁን ተባለ። ለእሱ «ያንተ ምርጫ ነው» አልኩት። ያስተማሩኝ እንዲህ ነው፤ የጨዋ ሰው ቅሬታ ድምፅ የለውም።

ሁለተኛው ነገር ወንበሩ ነው። የታየች ወንበር ባዶ እንዳይሆን አንድ ሰው በእናት ቦታ መቀመጥ ነበረበት። ቢያዝን ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ደውሎ «እትዬ፣ ሲስተር ትቀመጥ ብለናል፤ በእጇ ነውና የወጣ» አለኝ። «ደግ አስባችኋል» አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለዚያ ቀን ያሰፋሁትን ቀሚስ ከሳጥን አውጥቼ፣ አጥፌ፣ መልሼ ከተትኩት። የለበስኩት አሮጌውን ነው። አንቺ «ምነው አዲሱስ?» ብለሽኝ ነበር። ጠበበኝ አልኩሽ።

ከአስተርእዮ ማርያም ማግስት ዳባት የነበረውን ንፋስ ታስታውሺያለሽ፤ የዳሱን ሸራ ሊገነጥለው ደርሶ ነበር። ሙሽራይቱ ሊማሊሞን ወጥታ፣ ስድስት መኪና አስከትላ እስክትደርስ ቀልደኛው ሽማግሌ አያ ወንዴ ሲያስቁሽ ዋሉ። «ሲስተር፣ እዚያ አገርሽ ዳስ የምትጥሉ በበረዶ ላይ ነው?» ሲሉሽ «በረዶውን ጠርገን ነው፣ አያ» ብለሽ ስትመልሺ ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አንዷ ሴት ለጎኗ ሴት «ቀሚሱስ ያምርባታል፣ መቀነቱን ግን እንደ ነዶ ነው ያሰረችው» ስትል ሰማሁ። መቀነቱን ያሰርኩልሽ እኔ ነበርኩ።

ቢያዝን ከቀኝ፣ አንቺ መሃል በታየች ወንበር፣ እኔ ከግራሽ ተቀመጥን። ሙሽሮቹ መጀመሪያ የቢያዝንን ጉልበት ሳሙ። ቀጥሎ ሰውአገኝ ወዳንቺ መጣ። ልጁ እንደ ልማዱ ችኩል ነው፤ እጆችሽ ከጭንሽ ሲነሱ ከንፈሩ ጉልበትሽን ነክቶ ቀና ብሎ ነበር። እጆችሽ አየር ላይ ቀሩ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ወዲያው ገባኝ። ሚስጥር ካባ ደርባለች፣ ሻሽዋ ከብዷታል፣ የምትጎነበሰው ቀስ ብላ ነው፤ እሷን ትደርሺባታለሽ።

ጊዜ ነበረኝ፣ ኢንግሪድ። ሚዜዎቹ የካባዋን ጫፍ እስኪሰበስቡ ድረስ የጸሎተ ሃይማኖትን እኩሌታ ማድረስ ይቻል ነበር። «ዛሬ አይነሳም» ብል፣ ወይም ቀሚስሽን ሳብ ባደርግ ይበቃ ነበር። እጄ ከእጅሽ አንድ ስንዝር ላይ ነበር።

ዝም አልኩ። አንቺም ትከሻዋን ይዘሽ፣ እኔ እንዳስተማርኩሽ አድርገሽ፣ ጉልበትሽ ሳትደርስ አነሳሻት። አቀፍሻት፣ ጉንጯን ሳምሻት። እልልታው ተቆረጠ። ልጇን ጉልበቷን አስማ ምራቷን ነፈገች፤ ዳሱ ያየው ይህን ነው። እኔ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ደስታ ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ሦስት ወር ሙሉ ፈልጌ አጣሁለት።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። እጄን ጭኔ ላይ አሳርፌ ጠበቅኩ፣ አሳምኳት፣ እጄን ጭኜ ከአብርሃምና ከሣራ ጀምሬ መረቅኋት። አንዲት ቃል አልጎደለም።

በማግስቱ ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ መኪናው ውስጥ «ሴቶቹ ለምን ዝም አሉ? ያጠፋሁት ነገር አለ?» አልሽኝ። «ምንም የለም፣ ንፋሱ ድምፃቸውን ወስዶት ነው» አልኩሽ።

ሰርጉ ባለቀ በሳምንቱ ሚስጥር ለመልስ አዲ አርቃይ ወረደች። ባሏ ሲመለስ እሷ ቀረች። ጾሙን እዚሁ ልጹም አለች፤ ይሁን ተባለ። ፋሲካ አለፈና ሽማግሌ ሲላክ አባቷ አቶ አዘዘ «የእናት ጉልበት የተነፈገች ልጅ በየትኛው እግሯ ነው ከዚያ ቤት የምትገባ?» ብለው መለሷቸው። ወሬው ዳባትን አልፎ ጎንደር ገባ፤ ፈረንጇ ፈት ናት ብላ አልመረቀቻትም ተባለ። እንደ እኔ ያለች ሴት የምታስበውን ነገር አንቺ አሰብሽው ተባለ። ሰዎች ሲጠይቁኝ «ፈረንጅ ናት፣ ምን ታውቃለች» እል ነበር። ደብዳቤዋን በአማርኛ የምትጽፍልኝን ሴት።

ሰውአገኝ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት መጣ። ከስቷል። ምሳ አቀረብኩለት፤ ሁለቴ ጎርሶ ተወው። «እትዬ፣ አንቺ ታውቂያታለሽ። ሲስተር ሰው በዚህ ትንቃለች?» አለኝ። «የሰው ልብ ማን ያውቃል» አልኩት። መሶቡን ገፋ አደረገና «ቁጥሯን ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። እናቴ ሁለት ጊዜ የሞተችብኝ ይመስለኛል» አለ። ይህን ያለው እያለቀሰ አይደለም፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነው።

በማግስቱ ለማንም ሳልነግር ተነሳሁ። እስከ ደባርቅ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሌላ መኪና ሊማሊሞን ወረድኩ። ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ፣ በየጠመዝማዛው ዳዊቴን እየደገምኩ። አዲ አርቃይ ሙቀቱ ይጫናል። ሚስጥርን በአባቷ ሱቅ፣ ከሳሙና ካርቶን ጀርባ ቆማ አገኘኋት። ስታየኝ አልደነገጠችም። በርጩማ አውጥታ አስቀመጠችኝ፣ ውሃ ሰጠችኝ። ውሃውን ሳልጠጣ ነገርኳት፤ ደንቡን፣ ተክሊሉን፣ ወንበሩን፣ ያችን አንድ ስንዝር። ጨርሼ ቀና ስል በርጋታ ነበር የምታየኝ።

«ሲስተር ስታነሳኝ አጥብቃ ነው ያቀፈችኝ፣ እማማ» አለችኝ። «በጆሮዬ 'ልጄ' አለችኝ። የነፈገ ሰው እንዲህ አይልም። አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ቀረሽ?»

«የእርስዎን ጉልበት ስሜ ነው የቀረሁ።»

ምን ለማለት እንደፈለገች ገብቶኝ ሳለ፣ ምርቃቱ ምን ጎደለው አልኳት። ምንም አልጎደለውም አለች። ውል ሲነበብ እንደምትሰማ ሆና እንደሰማችው ነገረችኝ። «ሰውአገኝን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ በየበዓሉ የምገባው እርስዎ ቤት ነው። አንዴ እንዲህ ያለ ቤት ኖሬ አይቻለሁ። ቃሉ ሁሉ ልክ ነው፣ እንጀራው ግን አይዋጥም። ሁለተኛ አልችልም።»

በሲስተር ሲሳበብ ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጠየቅኋት። ቢያንስ በዚህ ልበልጣት ፈልጌ ነበር። አንገቷን አቀረቀረች። «ቀለለኝ። የሩቅ ሰው ናት፣ አትሰማም ብዬ። እርስዎስ?» አለች።

ከበርጩማው ተነሳሁ። ወዲህ ወዲያ ስል፣ ለሰውአገኝ ነግሬ፣ ለአባቷም አሁኑኑ ነግሬ ነገሩን እዚህ እንጨርሰው አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። «ዳስ ሙሉ ሰው ፊት የጠፋ ስም ሱቅ ውስጥ አይመለስም፣ እማማ።»

ስለዚህ የግንቦት ልደታ ዕለት ዳባት እሄዳለሁ። በዓሉን ለማክበር ያው የሰርጉ ሰው ቢያዝን ደጅ ይሰበሰባል። እሷም ከአባቷ ጋር እመጣለሁ ብላለች። ሦስት ቀን ቀርቶታል። የምናገረውን ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት፤ ስጽፈው ያምርብኛል፣ ሲያምር ደግሞ እውነትነቱን እጠረጥረዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ሳልልክ እጠብቃለሁ። ፈርቼ ብመለስ ቀሪውን ባዶ ወረቀት ታያለሽ።

ግንቦት 4

ሄጄ ነበር።

ሰዉ ቢያዝን ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ንፍሮ እየተካፈለ ነበር። ካህኑ ጸልየው ሲጨርሱ ተነሳሁና አንዴ ስሙኝ አልኩ። ልጅ ሳለሁ መምህሮቼ ተማሪ ሲናገር እጁን ከኋላው እንዲያደርግ ያስገድዱን ነበር፤ እጄ ራሱ ወደ ኋላ ሄደ። ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፍቶኝ በሦስት አራት ዐረፍተ ነገር ጨረስኩት። ሲስተር ጉልበት የነፈገች አይደለችም፤ ማንሳትን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የሙሽራን ግን አልነገርኳትም፤ ስታደርገው እያየሁ ዝም ያልኩት ሚስጥርን ስላልፈለግኋት፣ ወንበሩንም ስለተመኘሁት ነው።

ንፋሱ እንኳ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ የተናገሩት አያ ወንዴ ናቸው። «እኛ ደንብ የማታውቀዋን ስናማ፣ የምታውቀዋ አጠገቧ ተቀምጣ ኖሯል» አሉ። ማንም አልሳቀም፤ እሳቸውም ለማሳቅ አላሉትም። ቢያዝን ነጠላውን አስተካክሎ ተነስቶ ወደ ከብቶቹ ሄደ፤ እስክሄድ ድረስ አልተመለሰም። አቶ አዘዘ ግን ቆመው፣ ባልነበረችበት ስለታማችው ሴት እግዜር ይቅር ይበለን አሉ፤ ሰዉም ይቅር ይበለን አለ። ስምሽ የተመለሰው እንዲህ ነው። ሚስጥርም ተነስታ «እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ» አለች፣ ማንም ሳያስገድዳት። እኔ ያን ለመናገር ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

ወደ ማታ ገደማ ሰውአገኝና ሚስጥር የደባርቁን መኪና አብረው ተሳፈሩ። እሷ ከመውጣቷ በፊት እጄን ይዛ ቁልቁለቱን አሻገረችኝ። ይቅር አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት። በርግጥ ያዘችኝ፣ እንዳልወድቅ፤ ከዚያ በላይ አልተረጉመውም።

ሰውአገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ። «የሲስተርን ቁጥር ይስጡኝ።» ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ «አንቺ» ሲለኝ ኖሮ፣ «ይስጡኝ» አለኝ። ከማስታወሻዬ ላይ አነበብኩለት። ሁለት ጊዜ ደገመልኝና ሄደ።

ይህ ሲደርስሽ ደውሎልሽ ይሆናል። ከደወለ ስለ እኔ ያነሳ ይሆናል። ልለምንሽ፤ አታማልጂኝ። ያንቺን ልብ አውቀዋለሁ፣ ገና ሳይጨርስ «አሮጊት ናት፣ ይቅር በላት» ትይዋለሽ። አትበይ። እሱ አንቺን እምቢ ማለት አይችልም፤ ለአንቺ ብሎ ቢመጣ ደግሞ ከእኔ ጋር የሚቀመጠው ሚስጥር ምርቃቴን እንደሰማችው ሆኖ ነው። የሚመጣ ከሆነ በራሱ እግር ይምጣ። የማይመጣ ከሆነ ደግሞ አለመምጣቱን ልወቀው።

ሚስጥር ለጥር ትጠብቅሻለች፤ ክፍልም አላቸው፣ አልጋውን እሱ ራሱ ሠርቶታል። በዚህ ጊዜ እኔ ቤት አትረፊ። ከአዘዞ በቀጥታ ወደ ደባርቅ ውጪ። በእኔ የተቆጣሽ እንደሆነ ቁጣሽን ሳታለዝቢ ጻፊው፤ እስኪደርሰኝ እዚሁ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

በድላ የጻፈችልሽ፣
የትነበርሽ